የተሰረዘው የፋኖሱ አንቀጽ

ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ወሩ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ። ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ዳመነ ውሏል፤ ግን አልዘነበም። ቦታው የተናዛዧ መኖሪያ ቤት፣ ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል ነው። መስኮቱ በተናዛዧ ፈቃድ ተከፍቷል። ተናዛዧ ትራስ ተደግፈው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል።

አንደኛ ምስክር፣ የቴአትር ቤቱ የሜካፕ ባለሙያ የነበሩት፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛ ምስክር፣ በወጣትነታቸው ገብተው እስከ ዛሬ ያልወጡት የቴአትር ቤቱ የመብራት ሠራተኛ። ሦስተኛ ምስክር፣ ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት ጎረቤት፣ ነርስ። የተናዛዧ የእህት ልጅ ወራሽ በመሆኗ መመስከር ስለማትችል፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ በዚያው ቴአትር ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ፣ ተዋንያን ቃል ሲጠፋባቸው በሹክሹክታ የማስታውስ ሠራተኛ።

ተናዛዧ ከሁሉ በፊት ወደ እኔ ዞረው፦ «የሚባለውን ሁሉ ጻፊ። የእኔን ብቻ አይደለም፤ እነዚህ የሚያቋርጡኝንም ጭምር። ስታስታውሽኝ አንድ ቃል ዘለሽ አታውቂም፤ ዛሬም እንዳትዘልዪ» አሉ። ስለዚህ የሰማሁትን እንደ ሰማሁት ጽፌያለሁ።

ቃላቸው እንዲህ ነው።

በመድረክም በፊልምም «ባለመስኮቷ» እየተባልኩ የምጠራው እኔ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያግባባኝ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ ይህን እናዘዛለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙ የሚለው ይህን ነው። አእምሮዬን በተመለከተ ጎረቤቴ ትመስክር።

ነርሷ፦ «ዛሬ ጠዋት ‹መድኃኒትዎን ዋጡ?› ስላቸው ‹ዋጥኩ› አሉኝ። ክኒኑን አበባው ማሰሮ ውስጥ አገኘሁት። እንዲህ አሳምሮ የሚዋሽ ሰው አእምሮው ሙሉ ነው» አሉ።

«ይጻፍ» አሉ ተናዛዧ።

በመጀመሪያ፣ ስለ ቀብሬ። የሕይወት ታሪኬን ማንም እንዳያነብ። ተዋናይ ተዋናይን ሲቀብር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁሉም ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ ዞሮ ነው የሚያለቅሰው። ንግግር የግድ ከሆነ ነርሷ ታድርግ፤ እሷ ነገር አታስረዝምም።

አንደኛው ምስክር አቋረጡ። «እኔስ? ይህን ሁሉ ዘመን ፊትሽን የሠራሁ ሰውዬ ዝም ብዬ ልቁም?»

«አንተማ አፍህን ሳትከፍት ታለቅሳለህ። ስታለቅስ ደግሞ ሰው ታስቃለህ።»

«ቢስቁ ምን አለበት?»

«እኔ በሌለሁበት ሳቅ አልፈቅድም።»

ሁለተኛ፣ ዙሪያውን አምፖል ያለው መስታወቴ፣ ምስክር አይወርስምና፣ ከዛሬ ጀምሮ የዚሁ የሜካፕ ባለሙያው ነው። ከላይ በቀኝ በኩል ያለው አምፖል ከጥንት ጀምሮ አይበራም፤ እንዳያስጠግነው። ለምን ለእሱ እንደምሰጥ ልናገር። አባቴ የቴአትር ቤቱ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔና እህቴ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ስፌት ክፍሉ ውስጥ፣ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጠን ነበር የምናመሸው። የዚያን ጊዜዋ ዋና ተዋናይት ልብስ ስትለካ ቆማ መዋል አትወድም። ቁመታችን አንድ ስለነበር አባቴ ልብሷን እኔ ላይ አድርጎ ነበር የሚሰፋው። በመርፌ እየጠቀጠቀኝ ዝም ብሎ መቆምን የተማርኩት ያኔ ነው። በኋላ ጋዜጠኞች «መድረክ ላይ እንዴት እንዲህ ጸጥ ብለሽ መቆም ቻልሽ?» ሲሉኝ ረዥም መልስ እሰጣቸው ነበር። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ከተንቀሳቀስኩ መርፌው የሚወጋኝ ይመስለኛል።

ያቺ ተዋናይት አግብታ ሥራውን በድንገት ተወች። አዳራሹ ሞልቷል፤ ልብሱ ደግሞ ለማንም አልሆን አለ። ሁሉም ሲጨነቅ አባቴ አጎንብሶ ስፌቱን ቀጠለ። ይኸው ሰውዬ ነው ቡሩሹን እንደያዘ «ልብሱ ልኳ የሆነች ልጅ ስፌት ክፍል አለች» ያለው። ፊቴን ቀባኝ። «አትፍሪ፣ ሰው የሚያየው የቀባሁትን ነው፤ አንቺን የሚያይሽ የለም» አለኝ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ጠቅሞኛል። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ይቅር አላለውም።

«ሱሪ ስፋልኝ ብዬው አንዱን እግር ከሌላው አስረዝሞ ሰፋልኝ» አሉ አንደኛው ምስክር። «‹ጋሼ፣ ይኼኮ ተሳስቷል› ስለው፣ ‹እኔ ልኬት አልሳሳትም› አለኝ።»

«አልተሳሳተም» አሉ ተናዛዧ።

ሦስተኛ፣ አልጋዬ ሥር በቆርቆሮ ዕቃ ያለው የፊልም ጥቅል አሮጌው ሲኒማ ቤት ለሚሠራው የማሳያ ማሽን ባለሙያ ይሰጥ። ዕቃው ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ ይሸታል፤ እያለቀ ነው ማለት ነው። እስኪያልቅ ድረስ ያሳየው።

ይህ ፊልም ከመድረክ ተውኔት የተወሰደ ነው። እኔ የማዕድን ቆፋሪ ሚስት ነኝ። ባሌ በየማለዳው ፋኖሱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል። በመጨረሻው ትዕይንት ጉድጓዱ ሲደረመስ በሕልሜ አይቻለሁ፤ መስኮቱ አጠገብ ቆሜ «አትሂድ» እለዋለሁ። እሱ መልስ የለውም። ጎንበስ ይላል፣ ፋኖሱን ከጠረጴዛው ላይ ያነሳል፣ በግራ በኩል ባለው በር ይወጣል፤ ወደ ኋላ አያይም። መጋረጃ ይዘጋል። ከዚያ ሁሉ ሥራዬ ሰው የያዘልኝ ያቺን አንድ ቃል ነው። ልጆች አውቶቡስ ሲያመልጣቸው በእኔ ድምፅ «አትሂድ» እያሉ ሲሮጡ በዚህ መስኮት አይቻለሁ።

ፊልሙን ያየ ሁሉ ባሌን እያየሁ የማለቅስ ይመስለዋል። ፊቴ በቅርብ በተቀረጸበት ቀን የፊልሙ ባል ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። በካሜራው ጎን፣ የመብራት ማቆሚያው ብረት ላይ ሁለት ቁራጭ ፕላስተር አመሳቅለው ለጠፉና «ዓይኑ እዚህ ጋ ነው» አሉኝ። «ከፍ አድርጉልኝ» አልኩ። ዳይሬክተሩ «ባልሽ እኮ አጭር ነው» አለኝ። «ግዴለም፣ ከፍ አድርጉት» አልኩት። እኔ ስለ ፊልሙ ባል አልነበረም የማወራው። ጋዜጦቹ «ወደ ሰማይ ታያለች» ብለው ጻፉ። ወደ ሰማይ አልነበረም የማየው፤ የአንድ ረዥም ሰው ዓይን ያለበትን ነበር።

አራተኛ፣ ያ ፋኖስ። ቁም ሣጥኑ አናት ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ አለ።

በመድረክ ላይ ባሌ የነበረው ሌላ ሰው ነው። ቴአትር ቤት «ረዥሙ» እንለው ነበር፤ ምስክሮቹ ያውቁታል። ለዓመታት እኔ ማታ ማታ «አትሂድ» ስል፣ እሱ ፋኖሱን አንስቶ ሲወጣ ኖረናል። ከመድረክ ውጭ ግን የተነጋገርነው ጥቂት ነው። ዝናብ ሲሆን ጃንጥላውን ለእኔ ሰጥቶ፣ ጋዜጣ አናቱ ላይ አድርጎ እየሮጠ ይሄዳል። ጉንፋን ሲይዘው እኔ ሎሚ በሙቅ ውሃ አዘጋጅቼ መልበሻ ክፍሉ በር ላይ አስቀምጥለታለሁ። ብርጭቆው ታጥቦ ይመለሳል። ይኸው ነው። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ኖርኩ።

ከዚያ ውጭ አገር የመማር ዕድል መጣለት። የቴአትር ቤቱ ሰው በሙሉ ሊሸኘው ባቡር ጣቢያ ወጣ። ሻንጣውን መሬት አስቀምጦ አንድ በአንድ ተሰናበተን። እኔ ጋ ሲደርስ፣ ከቤት ጀምሮ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ። ባቡር ጣቢያ ደግሞ አስታዋሽ የለም። አፌ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። «አትሂድ» አልኩት።

የምሬን ነበር። ግን ቃሏ የወጣችው ሁልጊዜ በምትወጣበት ድምፅ ነው፤ ለእሷ ሌላ ድምፅ አልነበረኝም። እሱም ፈገግ አለ። መልስ አልሰጠኝም። ጎንበስ አለ፣ ሻንጣውን እንደ ፋኖስ አነሳ፣ በግራ በኩል ባለው በር ባቡሩ ውስጥ ገባ። ወደ ኋላ አላየም፤ በተውኔቱ አያይምና። ባልደረቦቼ በሙሉ አጨበጨቡ።

«እኔም አጨብጭቤያለሁ» አሉ አንደኛው ምስክር፣ መሬት መሬት እያዩ።

«አውቃለሁ። ከሁሉም የጮኸው ያንተ እጅ ነበር።»

«ጨዋታ መስሎኝ እኮ ነው።»

«ለሁሉም መስሎታል። ለእሱም።»

እዚያው አገር አገባ፤ ወለደ። እኔም ሌላ ሰው አግብቼ ነበር፤ ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማርና ስለ እሱ ክፉ ነገር የለኝም። ረዥሙ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ተመልሷል። ከሴት ልጁ ጋር፣ ዳቦ ቤቱ ካለበት ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ይኖራል። ከዚህ በእግር የሚደረስ ነው። ጆሮው ደክሟል ይላሉ። እኔ ሄጄ አላየሁትም፤ እሱም አልመጣም። ዳቦ የምገዛው ግን ከዚያ ነው፤ ሌላ ዳቦ ቤት እዚሁ አጠገባችን እያለ።

ስለዚህ እኔ ከሞትኩ በኋላ ፋኖሱ ለእሱ ይሰጥ። ወስዳ የምትሰጠው ጸሐፊዋ ናት። ስትሰጠውም «ያን ቀን ተውኔት አልነበረም» ብላ ትንገረው። ሌላ ቃል እንዳትጨምር።

አንደኛው ምስክር ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። «ለምን ከሞትሽ በኋላ? ሰውዬው እኮ እዚህ ነው። እኔ እንኳ በዚህ ጉልበቴ ሄጄ እጠይቀዋለሁ።»

«ምን እያለ ነው?» አሉ ተናዛዧ ፈጥነው። ወዲያው ደግሞ «ተወው፣ አትንገረኝ» አሉ።

«ሂጂና ራስሽ ጠይቂው።»

«ሄጄስ? ‹አላስታውሰውም› ቢለኝ? ‹ዘገየሽ› ቢለኝ ግድ የለኝም፤ እውነቱን ነው። ‹የትኛው ቀን?› ቢለኝ ግን ደረጃውን እንዴት እወርዳለሁ? እኔ ያን ቀን ይዤ ነው የኖርኩት። ከሞትኩ በኋላ ቢረሳውም አልሰማም።»

ነርሷ፦ «ደረጃ መውጣት ለነገሩ ተከልክለዋል» አሉ።

«ይኸው። ሐኪምም ከልክሎኛል።»

አምስተኛ፣ ቤቱ ለእህቴ ልጅ ይሁን። ግማሹ ድሮም የእናቷ ነበር፤ አባታችን ለሁለታችን ነው የተወው። የአባቴ ትልቁ መቀስም ለእሷ ይሰጥ። አባቴ የሰፋው፣ መስኮቱ አጠገብ ስቆም የምለብሰው ግራጫ ቀሚስም እንዲሁ። የእህቴ ልጅ ሆይ፣ ወገቡ አይገባሽም፤ አንቺ እናትሽን ነሽ።

«ማን ለብሶት ሊወጣ ነው?» አለች የእህታቸው ልጅ ከበርጩማዋ። «የምሠራበት ባንክ ለብሼው ብሄድ ሥራ አስኪያጁ ብድር ልትጠይቅ መጣች ይላል።»

«በእኔ ቀሚስ ከሄድሽ ይሰጥሻል።»

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልናዘዝ፤ ሳልናገረው መሞት አልፈልግም። አባታችን ሲታመም ያስታመመችው እሷ ናት። እኔ ቀን ልምምድ፣ ማታ መድረክ ነበርኩ። ያረፈ ዕለት አዳራሽ ሙሉ ሰው እያስለቀስኩ ነበር። ከቀብር ስንመለስ «አንቺ የምታለቅሺው ለማታውቂው ሰው ነው» አለችኝ። ከዚያም በኋላ ተነጋግረናል፤ አልተጣላንም፤ አንቺንም አብረን አሳድገናል። ግን አንድም ቀን መጥታ መድረክ ላይ አላየችኝም። አዲስ ቴአትር በተመረቀ ቁጥር ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ያለውን ወንበር አስይዝላታለሁ። ባዶውን ያመሻል። እሱን ወንበር እያየሁ የተናገርኩትን ቃል ቢቆጥሩት ይበዛል። በእሷ ቅር ብሎኝ ኖሬያለሁ፤ ዛሬም ቅር ይለኛል። በዓለም ላይ እንድታየኝ የምፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እሷ ነበረች።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልተናገሩት ሁለተኛው ምስክር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልበል?»

«አንተ ምስክር ነህ እንጂ ተናዛዥ አይደለህም። በል።»

«እህትዎ ያዩዎት ነበር።»

«የት?»

«እኔ ጋ። ላይ፣ መብራቱ ጋ። በጓሮ በር ነበር የማስገባቸው። መሰላሉን ሲወጡ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዛሉ። ከትልቁ መብራት ጎን ቆመው ያዩና መጋረጃው ሊዘጋ ሲል ይወርዳሉ።»

ተናዛዧ ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ ገፉት። «አንድ ቀን ነው?»

«ኧረ ብዙ ቀን። እንዲያውም ‹ስትቆም ቀኝ እጇ ላይ ጨለማ ታበዛባታለህ፤ የእጇ ነገር ነው እኮ ዋናው› ብለው ተቆጥተውኝ ያውቃሉ። ከዚያ ወዲህ ነው ቀኝ እጅዎ ላይ መብራት የጨመርኩት።»

«እማዬ?» አለች የእህታቸው ልጅ። «‹ሱቅ ደርሼ ልምጣ› ብላ የምትጠፋው?»

«ለምን አልነገርከኝም?» አሉ ተናዛዧ።

«‹እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳትነግራት› ብለው አስማሉኝ። ካረፉ በኋላ ደግሞ እንዴት ብዬ ልጀምረው? ለቅሶ ላይ አይነገር። መንገድ ላይ አይነገር። ይኸው ዛሬ ነገሩ ሲነሳ።»

በመንገዱ ላይ አንድ መኪና አልፎ እስኪርቅ ድረስ ይሰማ ነበር። ነርሷ ተነሥተው የተናዛዧን እጅ ያዙ፤ የልብ ምታቸውን ሊያዩ መሰለኝ፤ ግን ሰዓታቸውን አላዩም።

በኋላ ተናዛዧ ተናገሩ። «ያን ወንበር ባዶ ነው እያልኩ ስናደድ፣ እሷ ከራሴ በላይ ጫማዋን ይዛ ቆማለች።»

«ባልነግርዎ ይሻል ነበር?» አሉ ሁለተኛው ምስክር።

«የለም። ደስ ብሎኛል። ግን ይህን ደስታ ይዤ የት ልሂድ? ማንን ልቀፍበት? ‹እጇ ላይ ጨለማ በዛ› ያልሽው ትክክል ነሽ ብዬ ማንን ልሳም? ይህ ሰው መልእክቱን በትክክል አድርሷል፤ የተላከላት አለች፣ የላከችው ግን የለችም።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አራተኛውን ሰርዢው።»

«እትዬ፣ ሁሉንም ነው?» አልኩ።

«ሁሉንም። ፋኖሱንም ቃሉንም።»

«ፋኖሱ ታዲያ ለማን ይሁን?»

«ለማንም አትጻፊው። ነገ ጠዋት ጫማዬን ታወጪልኛለሽ፤ ተረከዝ የሌለውን።»

ነርሷ፦ «ያ ሕንፃ ደረጃ አለው» አሉ።

«ማን ስለ ሕንፃ አወራ?»

«እሺ፤ የዳቦ ቤቱ ሕንፃ ደረጃ አለው ነው የምልዎ።»

«እያረፍኩ እወጣለሁ። ካልሆነም አንቺ ከኋላ ትገፊኛለሽ።»

አራተኛው አንቀጽ በአንድ መስመር ተሰርዟል። ጽሑፉ ከመስመሩ ሥር እንዲነበብ የተተወው ተናዛዧ «ሰርዢው እንጂ አታጥፊው» ስላሉ ነው።

ስድስተኛ፣ ለእህቴ ልጅ ምክር አዘጋጅቼ ነበር። አሁን ስሰማው ከእኔ ይልቅ እናትሽ ብትመክርሽ ይሻል ነበር እላለሁ። ስለዚህ ምክር የለኝም። የቀሚሱን ወገብ አስፊው።

ሰባተኛ፣ ጸሐፊዋ። ይህቺን ሴት ፊደል ያስቆጠራት ማንም የለም። ወለል ልትጠርግ ገብታ፣ ልምምድ ጨርሰን የምንጥለውን ብጣሽ ወረቀት እየለቃቀመች፣ የየአንዳንዳችንን ቃል እየገጣጠመች ማንበብ ተማረች። በሕግ ጸሐፊ አይወርስም ይላሉ። ስለዚህ በዚህ ወረቀት ላይ ምንም አልተውላትም።

ይህን ብለው መነጽራቸውን ከዓይናቸው አወለቁና ሰጡኝ። «ወረቀቱን አፍንጫሽ ላይ ለጥፈሽ ስትጽፊ ስንት ሰዓት አየሁሽ። አድርጊው» አሉ።

«እርስዎስ በምን ያያሉ?» አልኩ።

«ነገ የማየውን ያለ መነጽርም አውቀዋለሁ።»

አደረግኩት። ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ከላይኛው ይልቅ የተስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው።

የተጻፈው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የተሰረዘውም ጭምር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለተናዛዧ አነበብኩላቸው። አንድ ቦታ ብቻ አስቆሙኝ፤ «ባሌ ደግ ሰው ነበር» የሚለው ላይ፣ «በጣም ደግ በይው» አሉ። ከዚያ ቃሌ ይህ ነው ብለው ፈረሙ። ምስክሮቹም ያየነውና የሰማነው እውነት ነው ብለው በየተራ ፈረሙ።

ተናዛዧ (ፊርማ)
አንደኛ ምስክር፣ የሜካፕ ባለሙያው (ፊርማ፤ እንባ ነክቶታል፤ ይነበባል)
ሁለተኛ ምስክር፣ የመብራት ሠራተኛው (ፊርማ)
ሦስተኛ ምስክር፣ ነርሷ (ፊርማ)
ጸሐፊዋ (ፊርማ)

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ። «የነገውንም ጻፊ» ስላሉኝ ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቷል። እትዬ በራሳቸው ተነሡ። ፊታቸውን ታጠቡ። ክኒናቸውን ነርሷ ፊት ዋጡ፤ ምላሳቸውንም አውጥተው አሳዩ። ሜካፕ ባለሙያው ቦርሳቸውን ይዘው መጥተው ነበር፤ «ዛሬ ቀለም አልፈልግም፤ ዛሬ እኔን ይየኝ» አሏቸው። ጸጉራቸውን ብቻ አበጠሩላቸው። እትዬ ተረከዝ የሌለውን ጫማ አደረጉ፤ ሰማያዊ ሻርፓቸውን አሰሩ። ፋኖሱን ከጨርቁ ፈትተው ብርጭቆውን በትንፋሻቸው እያረጠቡ ወለወሉት። «እኔ ልያዝልዎ» ብላቸው እንቢ አሉኝ።

መንገዱን ቀስ እያልን ሄድን። ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሻጩ «እትዬ፣ እንደ ወትሮው ነው?» አላቸው። «ዛሬ አይደለም» አሉት። ደረጃውን በአንድ እጃቸው መደገፊያውን፣ በሌላው ፋኖሱን ይዘው ወጡ። በየማረፊያው እየቆሙ ተነፈሱ። ነርሷ ከኋላ ነበሩ፤ መግፋት አላስፈለገም።

በሩን የረዥሙ ሰው ሴት ልጅ ከፈተች። እትዬን ስታይ አወቀቻቸው፤ ማንም አላስተዋወቃትም። «አባባ፣ እንግዳ» አለች፤ ደገመችው። ረዥሙ ሰው ከጠረጴዛው አጠገብ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ርዝማኔያቸው ተቀምጠውም ያስታውቃል። አልሰሙም፤ አልዞሩም።

እትዬ ገብተው ፋኖሱን ጠረጴዛው ላይ፣ በሰውየው ፊት አስቀመጡት። ሰውየው ፋኖሱን አዩ። እትዬ አልፈው መስኮቱ አጠገብ ሄደው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ዝቅ አድርገው። «አትሂድ» አሉ። አልጮኹም። ግን ያ ድምፅ ከኋላው ረድፍ እንዲሰማ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የደከመው ጆሮ ሰማው።

ሰውየው የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡ። ጎንበስ አሉ። ፋኖሱን አነሱ። ልጃቸው እንዳይወድቁ ልትደግፋቸው ቀረበች፤ እኔ በእጄ ምልክት ሰጥቼ አስቆምኳት። በሩ በግራ በኩል ነው። ወደ በሩ ዞሩ፤ እዚያው ቆሙ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው አዩ።

«ባቡር ጣቢያም እንዲህ ነው ያልሽኝ» አሉ።

«አዎ። የምሬን ነበር።»

«ምን?»

እትዬ ቀረብ ብለው ደገሙት። «የምሬን ነበር አልኩህ። ተውኔት አልነበረም።»

ሰውየው በእጃቸው ያለውን ፋኖስ አዩ። «እኔ እኮ» አሉ በኋላ፣ «ጥሩ አድርጌ የወጣሁ መስሎኝ ነበር።»

«በጣም ጥሩ አድርገህ ነው የወጣኸው።»

ፋኖሱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደ ጥግ ገፋ አደረጉት። «አሁንስ የት እሄዳለሁ?» አሉ፤ ቀስ ብለው ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ይህ ቃል በተውኔቱ ውስጥ የለም።

እትዬ ሌላውን ወንበር ራሳቸው ሳቡት። ሻርፓቸውን ፈትተው አጣጠፉ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ተቀመጡ።